የወደቡ ብናኝ የሚያርፍበት

ለተከበሩ እትዬ አፀደ፣

ሰላምታዬ ከዚህ የወደብ ከተማ ወበቅ አምልጦ ድሬዳዋ ደጅዎ ድረስ ይድረስ። እኔና ወንድምዎ ጀንበሬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አሁን ቀን ቀን ሀራሙስ በሚሉት የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት ፈረንሳዊት ተመራማሪ ቤት እሠራለሁ። የማዳም ሥራ የሚገርም ነው፤ ከወደቡ የሚነሳውን ብናኝ ነፋስ ወዴት እንደሚበትነው በኮምፒውተር ታሰላለች። ትናንት ቤት ስወለውል ጠርታ አሳየችኝ። ማዳበሪያ ከሚራገፍበት ቦታ ቀይ ደመና ተነስቶ፣ እየተሽከረከረ ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ ላይ ሲወርድ አየሁ።

«እኛ የምንኖረው እዚህ ነው» አልኳት። «ባለቤቴም ማዳበሪያ ነው የሚያራግፈው።»



«መመለሻ የለውም?» ብላት፣ «ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሲናወጥ ነው የሚውለው። አብዛኛው የት እንደሚያርፍ እነግርሻለሁ፤ ማቆም ግን አልችልም» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለጀንበሬ ስነግረው ሳቀብኝ። ሳቁ ወደ ሳል ሲዞርበት ውሃ አቀበልኩት። ሰሞኑን ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው፤ «ለሙቀቱ ይሻላል» ይላል። እኔም መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ እሰቅላለሁ፤ ጠዋት ጨርቁ አመድ መስሎ አገኘዋለሁ።

እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ነውና ቃልዎን አይጥስም። እባክዎ ደውለው «ናፍቀኸኛል፣ ክረምቱን እኔ ጋ ክረም» ይበሉልኝ። እኔ እንደጻፍኩ ግን አይንገሩት። ድምፁ ተቆራርጦ ከሰሙት «መስመሩ ነው» ይልዎታል። እትዬ፣ መስመሩ እኛ ጋ ደህና ነው።

ልጆቹን ይሳሙልኝ። በጤና ያገናኘን።

አክባሪዎ፣
ውብዓለም