የባላባቱ ሚስት ፊት

መጋቢት 9 ቀን 1972፣ ደብረ ታቦር

ዛሬም ልምምድ። ከመሥሪያ ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አዳራሹ። ሦስት ገበሬ፣ አንድ ጭቃ ሹም፣ አንድ የባላባት ሚስት ቀባሁ። ለጢም የበግ ፀጉር፣ ለሽበት ዱቄት፣ ለቅንድብ የተቃጠለ ቡሽ... ሌላ ምን አለኝ? የኪነት ቡድኑ ልጆች «ፊት ቀቢዋ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ከመተየብ ይሻላል።

የባላባቱን ሚስት የምትጫወተው አበበች ናት። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ዘውዱ ዛሬም አጠገቤ ቆሞ አዘዘኝ። «ቅንድቧን አወፍሪው። ከንፈሯን እስከ ጉንጯ አድርሽው። ሕዝቡ ገና ሲያያት መሳቅ አለበት።»

አደረግኩት። ሳቁ። አበበች ግን አልሳቀችም።

መጋቢት 14

ከቅዳሴ መልስ እሜቴ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። እሜቴ ማለት ከቀረ አምስት ዓመት አለፈው፣ አፌ ግን እምቢ አለኝ። እማዬ ድሮ የእሳቸውን ልብስ ታጥብ ነበር። መሬቱም ትልቁ ቤትም ተወርሶ አሁን በአንዲት ክፍል ናቸው፣ ብቻቸውን።

የመጣሁበትን ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ድሮ ሴቶች እንዴት ይዋቡ እንደነበር...

«በየትኛው ድሮ?» አሉኝ።

ለካ ድሮ አንድ አይደለም! በአያታቸው ጊዜ ኩል ከታች ብቻ፣ እንደ ክር የቀጠነ። በእናታቸው ጊዜ ወደ ጆሮ በኩል ትንሽ ወጣ አለ። የአንገት ንቅሳቱም ያን ጊዜ ሦስት መስመር ሆነ። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ ፓውደር መጣ። «አንዳንዷ ተወፍጮ ቤት የወጣች ትመስል ነበር» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

«ተነገ ወዲያ ነይ፣ አንቺ ልጅ። አፍ ብቻ ምን ያደርጋል፣ በእጄ አሳይሻለሁ።»

መጋቢት 23

ሦስተኛ ቀኔ። ዛሬ እኔኑ ኳሉኝ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ እጃቸው ግን ዓይኔ ጋ ሲደርስ ውልፍት አይልም። እንዴት? «አታፍጥጪ። ዝቅ አድርገሽ እዪ። ኩሉ የሚያምረው ያን ጊዜ ነው» አሉ። ከዚያ ራቅ ብለው አዩኝና «እናቴን መሰልሽ» አሉ።

አዲስ አበባ በየቴአትር ቤቱ ፊት መቀባት ብቻ ሥራው የሆነ ሰው አለ፣ በደመወዝ፣ አልኳቸው። እኔ የምመኘው እሱን ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ያዘሽ?» አሉኝ።

ምን ያዘኝ... ማትሪክ ወድቄ ሁለት ዓመት። ሃያ ዓመቴ። ማንን አውቃለሁ?

ሚያዝያ 15

ለሠራተኞች ቀን በዓል ከጎንደር ጓድ ደሞዜ የሚባሉ ይመጣሉ። ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ሰው ይመርጣሉ አሉ። ከዚያ ጎበዝ የሆነ ለሥልጠና አዲስ አበባ ይላካል። ይህ ካለፈኝ ሌላ መቼ ይመጣል? ግን ምኔን ያያሉ? ጥላሸት መለቅለቅ ማንም ይችላል።

ሚያዝያ 22

ወሰንኩ፣ ነገ እሜቴ እንዳሳዩኝ ነው የምቀባው። አበበችን ብቻ ነገርኳት። «ዘውዱ አይለቅሽም» አለች። ቆይታ ደግሞ «ግድ የለም፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው አስመስዪኝ።»

ሚያዝያ 23

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከፊት ጓዶች። ከኋላ ከየገበሬ ማኅበሩ የመጣ ሰው፣ ከገሳይ ሳይቀር። ዘውዱ እንግዳ ሲቀበል አበበችን መጨረሻ ላይ ቀባኋት። ቀጭን ኩል። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር። ጠጉሯን ከጧት ጀምሮ ነው የሠራሁት።

ገባች። የሚጠበቀው ሳቅ ነው... ሳቅ የለም። ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሡ። ነጠላቸውን አደገደጉ። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ወንዶቹ። ወይዘሮ ስታልፍ ድሮ እንደሚቆሙት ቆሙ! ማንም አላዘዛቸውም። ገበሬውን የሚጫወተው ሙላቴ ሊሰድባት ነበር፣ ተንተባተበ።

እኔ የሠራሁት ፊት ሰው አስነሣ። እንዴት ደስ አለኝ... ከዚያ ዘውዱን አየሁት።

ሚያዝያ 24

ቢሮው ጠራኝ። ጓድ ደሞዜም ነበሩ፣ ጥግ ላይ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ።

«ለፊውዳል ሕዝብ አስነሣሽ» አለ ዘውዱ። «ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ራስሽ ከሆንሽ አቋምሽ ነው ማለት ነው። እስከ ሰኞ አስቢበት። ሰኞ ወይ ስም ታመጫለሽ፣ ወይ አንቺው ትጠየቂበታለሽ።»

ጓድ ደሞዜ በረንዳው ላይ ደረሱብኝ። «እንዲህ የሚሠራ ሰው ጎንደር የለንም፣ እጅሽን እፈልገዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ያለ እሱ የድጋፍ ደብዳቤ ልወስድሽ አልችልም። የሚለውን ስጪውና ይለፍ።»

ይለፍ! የሚፈልገው የሰው ስም እኮ ነው።

ሚያዝያ 27

ተናገርኩ።

«አሰለፈች» አልኩ። እሜቴም አላልኩ። ጻፊው አለኝ፣ ጻፍኩት። ፈረምኩበት።

ፈርቼ ነው? ወይስ ደብዳቤውን ፈልጌ? ቢመታኝ ኖሮ መልሱን አውቀው ነበር። አልነካኝም። ሻይ ነው ያዘዘልኝ። ጠጣሁት።

ሚያዝያ 28

ወሰዷቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መሐል አሳልፈው። እማዬ አይታ መጣች። «ጫማ እንኳ አላስደረጓቸውም» ብላ አለቀሰች። «ማን ነው የጠቆመባቸው?» አለች ቀና ብላ።

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን አየች።

ግንቦት 1

እማዬ ምግብ ታቀርብልኛለች። አታናግረኝም።

ግንቦት 4

ስንቅ ቋጥሬ እስር ቤቱ በር ሄድኩ። ዘበኛው «ከማን ብዬ ላስገባ?» አለ። ስሜን መናገር አቃተኝ። ይዤው ተመለስኩ።

ግንቦት 10

ተፈቱ አሉ። አሥራ ሁለት ቀን... በሰባ ዓመታቸው!

ግንቦት 12

ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቆሜ በመጨረሻ ገባሁ። ከስተዋል። ለቅማል ብለው ራሳቸውን ላጭተዋቸዋል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ይነሡ» አሉ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

«ይነሡ እንጂ፣ መሬቱ ይበርድዎታል። እዚህ ይቀመጡ።»

አንቱ አሉኝ። እኔን! የልብስ አጣቢያቸውን ልጅ።

«እሜቴ፣ ይስደቡኝ» አልኩ። «ይምቱኝ።»

«ምን በድለውኝ? የመንግሥት ሰው አይደሉ? ሥራዎን ነው የሠሩ።» ውሃ ቀዱልኝ፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ይፋግ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊሄዱ ነው። እስክወጣ ድረስ አንዴም አንቺ አላሉኝም። በር ድረስም ሸኙኝ።

ምነው በረገሙኝ ኖሮ...

ግንቦት 25

ዘውዱ ደብዳቤውን ሰጠኝ። ማለት፣ ነገረኝና እኔው ተየብኩት፣ እሱ ፈረመ። «ንቁና ለአብዮቱ ታማኝ» ይላል። ሁለቴ ተሳስቼ ሁለቴ ወረቀት ቀየርኩ።

ልቅር? ከቀረሁ ያን ሁሉ ለምን አደረግኩት? ከሄድኩስ...

ሰኔ 3

ሄድኩ። እማዬ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ መናኸሪያ ግን አልመጣችም። አውቶቡሱ ይፋግ ላይ ለምሳ ቆመ። ሁሉም ወረደ። ሾፌሩ «እህት፣ አትወርጅም?» አለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ የተኛሁ መሰልኩ።

ነሐሴ 28፣ ጎንደር

የራሴ ክፍል አለኝ። ትልቅ መስታወት፣ ዙሪያውን አምፖል። ከአዲስ አበባ የተላከ ቅባት፣ ስድስት ዓይነት ቀለም፣ ደህና ብሩሽ። ከመስከረም በኋላ ለሥልጠና ትሄጃለሽ ተብያለሁ። የተመኘሁት በሙሉ ተሰጠኝ። ለማን ልናገረው? ለእማዬ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ የለም።

ለአብዮት በዓል አዲስ ቴአትር እያዘጋጀን ነው። እዚህም የመኳንንት ቤት ሴት አለች። ጓድ ደሞዜ «ከላይ ትልልቅ እንግዶች አሉ፣ እንደ ደብረ ታቦሩ እንዳታደርጊ» አሉኝ። ባይነግሩኝም አላደርገውም ነበር። ጥላሸቱን ራሴ በጠበጥኩ።

የምትጫወተው ያለምወርቅ ናት፣ አዲስ ልጅ፣ ከአሥራ ሰባት አይበልጣትም። ቀባብቼ ስጨርስ መስታወቱን አየች፣ ከፋት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ከደብረ ታቦር የመጡት ልጆች የጥንቱን የሴቶች አኳኳል አሳምራ ታውቃለች ብለው አወሩልኝ። ለእኔ ብቻ፣ ለመድረክ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ?»

ፊቷ ወደ እኔ ቀና ብሏል። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ለኩል የተፈጠረ።

«ተሳስተዋል» አልኳት። «እኔ ምንም አላውቅም።»

ቀጣዩን ተዋናይ ጠራሁ።