ወረቀት ጨርሰዋል?

ፌብሩወሪ 4፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ስቱዲዮ። ስቱዲዮ ስል… የአለማየሁ ጋራዥ ነው፣ ማይኩ ግን ጥሩ ነው። የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም ከጀመርን ይኸው ሰባተኛ ዓመታችን። እሱ አንዱን ፓርቲ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን። አድማጭ የሚወደው ስንናከስ ነው።

ነገ የመራጮች ምዝገባ ይዘጋል። «ወረቀት የጨረሳችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ተመዝገቡ» አልኩ። ሙዚቃ ሲገባ አለማየሁ፣ «ሲትዝን የሆናችሁ በል እንጂ፣ ሰው ይገባዋል» አለኝ። ሬዲዮ ላይ እንግሊዝኛ አልቀላቅልም። ዜጋ ብል ደግሞ የየት አገር ዜጋ ብለው ይስቁብኛል። «ቤትህ እንደፈለግክ አውራ፣ እዚህ አማርኛ ነው» አልኩት። በመልሴ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሰዓት እዚሁ ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ፣ የሐበሻ ግሮሰሪው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ቅጽ ስሞላ ነበር። መራጭ የመመዝገብ ፈቃድ ከካውንቲው አስተዳደር አውጥቻለሁ፣ በነጻ ነው የማገለግለው። እትዬ እማዋይሽም መጡ፣ ኤርፖርት የሚያጸዱት። እኔ የመንገደኛ ሻትል ስነዳ እሳቸው በር ላይ እጃቸውን ያነሱልኛል።

«ወረቀት ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ ልጄ፣ እመብርሃን ትመስገን።»

መነጽር አልያዙም። ሞላሁላቸው፣ ፈረሙ፣ መረቁኝ። ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ተቀመጠ።

ማርች 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ የፓርቲዎቹ እጩ የሚመረጥበት ቀን። እትዬ እማዋይሽን ራሴ ወሰድኳቸው። የየትኛውን ፓርቲ ድምፅ መስጫ እንስጥዎ ሲሏቸው ወደ እኔ ዞር አሉ። አልነገርኳቸውም… ያን ያህልስ ክብር አለኝ። ሲወጡ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «በስልሳ ሦስት ዓመቴ ዛሬ ምን ትፈልጊያለሽ ተባልኩ» አሉ። ፎቶ አነሳኋቸው።

ማርች 6

ጠዋት ሁለቱንም ቻናል አየሁ። አንዱ አሸነፍን ይላል። ሌላውም አሸነፍን ይላል። እኔና አለማየሁም እንዲሁ።

ማርች 19፣ ማክሰኞ

ማራኪ ደወለች፣ የእትዬ እማዋይሽ ልጅ። ዴንተን ከተማ ነርስ ናት። እያለቀሰች ነው። እናቷ ዛሬ ኢንተርቪው ነበራቸው። የምን ኢንተርቪው?

«የሲትዝንሺፕ ነዋ ጋሽ ሙሉጌታ። እስካሁን ግሪን ካርድ ነው ያላት።»

ተሳፋሪ ይዤ ነበር። እንዴት አድርጌ ፓርክ እንዳደረግኩ አላስታውስም።

ኦፊሰሩ «ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ?» ይላቸዋል። እሳቸው ኮርተው «አዎ»። ወንጀል መሆኑን በየት ያውቃሉ? ቅጹን ማን ሞላልዎ? ሲላቸው «እኔ ራሴ።»

«ለምን እኔ ትላለች? ማለቴ… እሷ እኮ ኢንግሊሽ አታነብም» አለች ማራኪ።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አልነገርኳትም።

ወረቀት መጨረስ ለእኔ ሲትዝን መሆን ነው። ለእሳቸው ግሪን ካርዱ በፖስታ የመጣ ቀን ወረቀት አልቋል። እንዲህ ቀላል ነገር። «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገው ደግሞ የእኔ እጅ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል… የኔስ በምን ይታሻል?

ማርች 21፣ ሐሙስ

ጠበቃ አግኝተዋል። ጉዳዩ ወደ አገር እስከ መመለስ ሊሄድ ይችላል ብላቸዋለች። ተሳስተው ነው ማለት ይቻል ነበር፤ «ራሴ ሞላሁት» ያሉት ግን አንገታቸው ላይ ገመድ ሆነ። ማራኪ ይህን ሁሉ ለእኔ ትነግረኛለች። ወዳጅ መስዬአት።

ዐቢይ ጾሙ አልከበደኝም። እህል አይወርድልኝም።

ማርች 24፣ እሑድ

ማራኪ ጠበቃ ስታፈላልግ ፌስቡክ ላይ ጽፋ ነበር። አንዱ ገልብጦ አሰራጨው። ይኸው እትዬ እማዋይሽ ቴሌቪዥን ላይ ናቸው። በአንዱ ቻናል፣ የዩለሷ አሮጊት ምርጫችንን ሰረቀች፣ እንደሷ ያሉ ስንት ሺህ ናቸው? በሌላው፣ ምስኪን ላይ ዘመቱ፣ ይኸው እውነተኛ መልካቸው። ሌሎቹ ስቴቶች ገና አልመረጡም፤ የእጩዎቹ አፈ ቀላጤዎች ተቀባበሏቸው። ስልክ መትቶ «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው?» ያላቸው አንድ ሰው የለም።

የኛ ፕሮግራምስ? ዛሬ አለማየሁ «ጥፋቱ የናንተ ፓርቲ ነው» አለ። እኔ «የናንተ ነው» አልኩ። ሃምሳ ደቂቃ በእሳቸው ተነካከስን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም… ራሴን ጠላሁት።

ማይኩ ሲዘጋ ነገርኩት።

«ሶ… አንተ ነህ?» አለ። ነግሬህ ነበር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አላለም። «ዝም በል ሙሌ። ይሄ የፌደራል ነገር ነው። ፕሮግራሙንም እኔንም ታስበላለህ።»

ማርች 29፣ ዓርብ

ለስርጉት ነገርኳት። ባለቤቴ እንደዚህ ስትፈራ አይቼ አላውቅም። «ልጆቹንስ አስበሃል?» አለች። ልብስ እያጠፈች ነበር፣ ማጠፏን አላቆመችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኤፕሪል 6፣ ቅዳሜ

እትዬ እማዋይሽ ዘንድ ሄድኩ። ማራኪ ሥራ ላይ ነበረች። ከሥራ ታግደዋል፤ ዩኒፎርሙን ግን አጥበው ሰቅለውታል።

«ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«አንተ ልጆች አሉህ።»

«እርስዎስ? አገር ቤት ማን አለዎት?»

«መቃብር አለኝ» አሉ። የወንድማቸውንና የባላቸውን። ሲናገሩት እንደ አድራሻ ነው። «ደግሞ ክፉ አስበህ አላደረግከው። እኔም መነጽሬን ብይዝ ኖሮ…»

መነጽሩ ቢኖርስ? እንግሊዝኛውን በመነጽር አያነቡት። ጥፋቱን ከእኔ ላይ ለማንሳት ምክንያት ሲፈልጉ ነው። አለቀስኩ። እጄን ያዙኝና፣ «ለማንም እንዳትናገር፣ ገዝቼሃለሁ» አሉ።

ግዝት። አሁን ምን ይባላል?

ኤፕሪል 10

ግዝት መጣስ ኃጢአት ነው። ዝም ማለትስ ምንድን ነው?

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ

ጠዋት የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። «እሳቸው ያሰሩህ በፍቅር ነው፤ በዚያ ፍቅር ግን እሳቸው ይጠፋሉ» አሉኝ። ሌላ አልጠየቅኩም። ከዚያው ወደ ጠበቃዋ ቢሮ። ቃሌን ሰጥቼ ፈረምኩ። ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳሉ፣ ሳጥኑ ላይ ማን ምልክት እንዳደረገ። አንብባ ስትጨርስ፣ «ይህ ይረዳቸዋል፣ ግን ያድናቸዋል ብዬ አልምልልህም። አንተም የራስህ ጠበቃ ያስፈልግሃል» አለችኝ።

ስርጉት ማታ እራት አቀረበችልኝ። አጠገቤ ተቀመጠች።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

አለማየሁ አልፈቀደም፣ አልከለከለምም። ማይኩን ወደ እኔ ገፋልኝ።

አየር ላይ ተናገርኩት። ቲቪ ላይ የምታዩዋቸው እናት አልዋሹም፣ የሞላሁት እኔ ነኝ። ወረቀት የጨረሳችሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ግሪን ካርድ ያለው መምረጥ አይችልም። ሲትዝን ብቻ። ሲትዝን… ሦስቴ አልኩት፣ በእንግሊዝኛው። አለማየሁ አቀርቅሮ ነበር። ስለ ፓርቲ ሳናወራ ፕሮግራም ስንጨርስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሙዚቃ አስገባን። ስልክ ጠራ። ስድብ ነው ብዬ አነሳሁት። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ሄቨን እባላለሁ አለች። ሳክሲ ከተማ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ግሮሰሪው ጋ ለእኔም ሞልተህልኛል።»

«ሲትዝን ነሽ?»

«ኖ። በዲቪ ነው የመጣሁት፣ ሁለት ዓመቴ ነው። አንተ ወረቀት ስትል እኮ…»

«ድምፅ ሰጥተሻል?»

ከጀርባዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል።

«ሰጥቻለሁ። ለቤተሰብም ፎቶ ልኬላቸዋለሁ።»

ለማንም እንዳትናገሪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያንኑ ቃል… ዋጥኩት። የጠበቃዋን ስልክ ሰጠኋት፣ ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። አድራሻዋን እየጻፍኩ ቀና ስል አለማየሁ ሌላውን ስልክ በእጁ ከድኖ ያየኛል።

«ሙሌ» አለኝ። «ሦስት ሰው መስመር ላይ እየጠበቀህ ነው።»