አሥራ አንድ ባርኔጣና አንድ ራስ

ለውድ እህቴ ለሮዝሜሪ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽ ግራሃምስ፣ በጎቹስ፣ ያ ዘወትር የምትረግሚው ነፋስስ እንዴት ናቸው? እናንተ ዘንድ ብርዱ ሊያበቃ፣ እኛ ዘንድ ሊጀምር ነው። እኛ ደህና ነን። ባሌ ክላይቭም ደህና ነው፣ ፈረሴ ዳምሰንም ደህና ናት፤ የፖም ዛፉም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ አፍርቷል። ደህና ያልነበረው የኔ ሕሊና ብቻ ነው። እሱም ሰሞኑን አገግሟልና ነገሩን ልንገርሽ፤ ግን መጀመሪያ ሻይሽን ቅጂና ቁጭ በይ።

በጁን ወር ከልጅሽ ከታምሲን ደብዳቤ ደረሰኝ። በኖቬምበር ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት እግሯን ባንድ በኩል ሰብስባ በጎን ኮርቻ ፈረስ ግልቢያ ልትወዳደር እንደሆነ ጽፋ፣ «አክስቴ ጂል፣ የአያቴ የሐር ባርኔጣ አንቺ ዘንድ ነው አሉ። እማዬ ሦስት ጊዜ ጠይቃሽ መልስ ስላጣች እንዳልጠይቅሽ ከልክላኛለች። እኔ ግን ገና አንድ ጊዜም አልጠየቅሁሽም» ትላለች። አየሽ፣ አፏ ቁርጥ ያንቺ ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከእናታችን ልጀምር። ስትሞት ኮርቻውን ለኔ፣ ባርኔጣውን ላንቺ አለች። አንቺ ወደ ኒውዚላንድ ስትሄጂ፣ «በፖስታ ከላክሁት ይጨፈለቃል፤ የታመነ ሰው ሲገኝ እሰድልሻለሁ» አልኩሽ። እህቴ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የታመነ ሰው ጠፋ! ቄሱ ሄደው ተመለሱ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል አልኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ ሄደች፤ ዝንጉ ናት አልኩ። የክላይቭ ወንድም ሲሄድማ ሰበብ ስላጣሁ፣ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ ብዬ ዋሸሁት። እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔው ራሴ እለብሰው ነበር። ለገና በምልክልሽ ፎቶግራፍ ሁሉ፣ የሽልማት ሪባኔን ይዤ ጥርሴን ስገልጥ፣ ራሴ ላይ የምታዪው ያንቺ ነው። ከሰበሰብኳቸው አሮጌ ባርኔጣዎች አንዱ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ግን ደምቄበታለሁ።

ስለ መሰብሰቤ መቼም ሰምተሻል። ዛሬ ያንን ሐር የሚሸምን ሰው ስለሌለ ያለው አሮጌው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሟች ቤት ዕቃ በተሸጠ ቁጥር እሮጣለሁ። በድሮ መኝታ ቤትሽ አሥራ አንድ ተደርድረዋል። ያንቺን የሚተካ እስካገኝ ነው እል ነበር። አንዱ ጆሮዬን ይሸፍናል፣ አንዱ አናቴ ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል፣ አንዱ ደግሞ ጳጳስ ጳጳስ ይሸታል። ክላይቭማ፣ «እዚህ ቤት አሥራ አንድ ባርኔጣና አንድ ራስ አለ፤ ራሱም ቢሆን አዘውትሮ አይሠራም» ይለኛል።

ለታምሲን ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላውቅ፣ በየዓመቱ የምወዳደርበት የአካባቢያችን የእርሻ ትርኢት ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ክላይቭ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ባርኔጣውን መኪናው ውስጥ፣ ከኋላ መስታወት ሥር አስቀመጠው። የነዚህ ባርኔጣዎች አጥንት ሙጫ የጠጣ ጨርቅ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ጠቅልዬ፣ አይነ ርግቤን በእጄ ይዤ የመኪናውን በር ብከፍት፣ የእናታችን ባርኔጣ እንደ ረጠበ ካልሲ ተኝቷል። «ምንም አልሆነም እኮ፤ ጋደም ብሎ ነው» አለኝ ክላይቭ። እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሉድሎ ከተማ ወዳሉት ባርኔጣ ሠሪ፣ ወደ ሚስተር ፔምብሪ ይዤው በረርኩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ገልበጥ አድርገው አዩትና የውስጡን ቆዳ በጣታቸው ገለጡት። ከሥሩ ታጥፎ የተጠቀጠቀ ስስ ሰማያዊ ወረቀት መዘዙ፤ ባርኔጣው ስለሚሰፋኝ ማጥበቂያ ያደረግሁት ነው። መነጽራቸውን አጠለቁና፣ «‹ጂል፣ ስለ እናታችን ብለሽ ባርኔጣዬን ላኪልኝ› ይላል» አሉኝ። ሁለተኛውንም መዘዙ፣ ሦስተኛውንም መዘዙ። አዎ እህት ዓለም፣ የራስሽ ደብዳቤዎች ናቸው። ወረቀቱ ስስና ለማጠፍ የሚመች ስለሆነ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ልጄ፣ ባርኔጣው የማነው?» አሉኝ። «የእህቴ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። «መሰለኝ» አሉ፤ «ይሄ ለክብ ራስ የተሠራ ነው፤ ያንቺ ራስ ደግሞ እንደ ዳቦ ሞላላ። አሥራ አንድ ሰብስበሻል ሲሉ እሰማለሁ፤ አንዱን ብታመጪልኝ በእንፋሎት አለስልሼ ልክሽ አደርግልሽ አልነበር? እስከዛሬ ምን ነካሽ?» የነካኝ ነገር ያኔ ገባኝ። እንዲገጥመኝ አልፈለግሁም ነበር፤ አንዱ ከገጠመኝ ያንቺን መላኬ ነዋ።

ያንቺን በእንጨት ቅርጹ ላይ ወጥረው፣ በካውያ አሙቀው፣ በከፋይ አሽተው እንደ ጥቁር ቼሪ እያብለጨለጨ መለሱልኝ። ጳጳስ የሚሸተውን ደግሞ ለኔ ልክ አደረጉት። ባለፈው ቅዳሜ በሱ ተወዳድሬ ከአራት ሰው ሦስተኛ ወጣሁ፤ አራተኛዋ ከፈረሷ ወድቃ አይነ ርግቧን ከአጥር ላይ ትለቅም ነበር። ዳኛዋ ወይዘሮ ብራምሊ፣ «ባርኔጣሽስ አምሮብሻል፤ ፈረስሽ ግን ቁርሷን ያስጣልሻት ትመስላለች» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በራሴ ባርኔጣ ያገኘኋት የመጀመሪያ ሪባን ናትና ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ።

አሁን ወደ አላላኩ ልምጣ። ሚስተር ፔምብሪን ባማክራቸው፣ «የሐር ባርኔጣ የማይጎዳበት ሳጥን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ራስ ነው» አሉ። ስለዚህ የታመነ ሰው መፈለጌን ትቼ ራሴ ልታመን ቆርጫለሁ፤ ኖቬምበር ሁለት ቀን በአውሮፕላን እመጣለሁ። መሰላል መውጣት እንኳ እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ክላይቭ፣ «አስተናጋጇ አውልቂ ብትልሽስ?» እያለ ይስቅብኛል። እንግዲያው እንደ ሕፃን ታቅፌው እቀመጣለሁ። ለገና ካርድ ብቻ የምንለዋወጥ እህትማማች ሆነን የቀረነው በኔ ስስት ነው። ይቅር በይኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ለግራሃም ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ የሚወደውን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት አውሮፕላን ውስጥ ይዤ እንዳልገባ ስለከለከሉኝ አይቀየመኝ። አማትሽንም ሳሚልኝ፤ ውሻውንም ጆሮውን እከኪልኝ። ታምሲንን፣ በአውሮፕላን ጣቢያው በር የሐር ባርኔጣ ደፍታ የምትወጣ አንዲት እብድ አሮጊት ካየሽ አክስትሽ ናት በያት። ሦስቱን ደብዳቤዎችሽን ከቆዳው ሥር መልሻቸዋለሁ፤ ያለነሱ ባርኔጣው ዓይኔ ላይ ይወርዳል። ከራሴ ላይ የምታነሺው ግን አንቺ ነሽ። ወረቀቶቹን አውጥተሽ ጣያቸውና መጀመሪያ ራስሽ ልበሺው፤ ያንቺ ራስ ማጥበቂያ አይፈልግም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ጂል

ሄርፎርድሻየር፣ ከአሮጌው ቤታችን
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.