ሶሊ «አዎ» የምትልበት ትንፋሽ

የሺዬ፣

እኔ ባልሽ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ከደጃፉ በረዶውን ራሴ እጠርጋለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። መኪናም ቢሆን እነዳለሁ፤ ሀይዌይ ብቻ አልወጣም። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። ልጃችን ትዕግሥት «አባዬ፣ አንተ ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ» ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ከመሠረተ ትምህርት የተረፈኝ ፊደል ቢጣመምም ላንቺ ይበቃል።

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ደርቆ ነበር፤ ዘንድሮ ከሥሩ አቆጠቆጠ። ትዕግሥት ሥራዋን ከወንዙ ማዶ ወዳለው አሌክሳንድሪያ ስለቀየረች ሳይነጋ ትወጣለች። ስለዚህ ሶሊን አልብሼ፣ አብልቼ፣ በዊልቼሯ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ጸጉሯንም እጎነጉናለሁ። አትሳቂ።

የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው። የልጅ ልጅሽ ስምንት ዓመት ሆናት። አሁንም ቃል አይወጣትም፣ እጇም አይታዘዛትም። ጭንቅላቷ ግን አንቺ እንደምታውቂው ነው፤ የሚያመልጠው ነገር የለም። ምስር ስትለቅሚ ከጎንሽ አስቀምጠሽ «ሶሊዬ፣ ይሄ ጠጠር ነው አይደል?» ስትያት፣ ልክ እንዳንቺ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርግ ነበር። የእኛ ሰው ሁሉ «አዎ» የሚልበትን ትንፋሽ ካንቺ ነው የለመደችው። አይደለም ስትል ደግሞ ዐይኗን ጭፍን። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ስንት ነገር ታወሩ ነበር!

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ትምህርት ሲከፈት ፎርም መጣ፤ «ልጅቷ ቤት ውስጥ በምን ትግባባለች?» የሚል። ትዕግሥት ልትሞላው ስትል እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቅኳት። «የቤታችንን ጉዳይ ለፈረንጅ አንዘረግፍም» አልኩ። ባዶውን ሄደ። እንግዳ ሲመጣ ሶሊን ወደ መኝታ ቤት አስገባት እንደነበረው መሆኑ ነው። ያኔ አንቺ «ምን አጥፍታ ነው የምትደብቃት?» ብለሽ ሦስት ቀን አኮረፍሽኝ። እኔም አልመለስኩልሽም።

ከገና በኋላ ለሚቲንግ ጠሩን፤ ከትዕግሥትና ከሶሊ ጋር ሄድን። ልጄ ታስተርጉምልኝ ብል አይፈቀድም ብለው በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ፤ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡት። አስተማሪዋ ሚስ ኬሊ ወጣት ናት፣ ክፉ ፊት የላትም። «ሶሊ መልሳልኝ አታውቅም። ሳናግራት ትደነግጣለች፣ ትንፋሿ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ነርስ ጋ ወስጃታለሁ» አለች። በዚህ የተነሣ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት፣ ማንበብ ወደማይማሩበት ክፍል ትዛወር ብለው ወረቀት አዘጋጅተዋል።

ደሜ ፈላ። ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ሚስ ኬሊ ጎንበስ ብላ «ሶሊ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት። ሶሊ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ሴትዮዋ ደንግጣ «ነርሷን ጥሩልኝ» አለች።

ያኔ ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ልጃችን «አዎ» ስትል እነሱ «ታመመች» ሲሉ ከርመዋል! ለእኛ ነገሩ ከመተንፈስ ስለማይለይ፣ ለሌላ ሰው የሚነገር መሆኑ እንኳ አልታየንም።

ጠረጴዛውን መታሁት። «መለሰች እኮ! አዎ ነው ያለችሽ!» አልኩ። አስተርጓሚዋ ስልኩ ውስጥ ሳቀች። «እውነትዎን ነው አባባ፤ እኔም እርስዎ ሲናገሩ እንዲሁ ስመልስልዎ ነው የቆየሁት» አለችና በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው።

ያመኑ አልመሰለኝም። ወደ ሶሊ ዞርኩ። «ሶሊ፣ ይህን ሸሚዝ የተኮስኩት እኔ ነኝ?» ዐይኗን ጨፈነች። «እናትሽ ናት?» ትንፋሿን ሳበች። አስተርጓሚዋ ስትተረጉመው ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በሰው ፊት አዋረደችኝ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ተዋርጄ አላውቅም።

ከዚያ ሚስ ኬሊ ተንበርክካ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀቻት። «ትፈሪኛለሽ?» ሶሊ ዐይኗን ጨፈነች። «እኔ ክፍል መቆየት ትፈልጊያለሽ?» ልጅቷ ትንፋሿን እስከ ሆዷ ድረስ ሳበችው። ሚስ ኬሊ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ትዕግሥት ሌላ ነገር ብትነግርሽ አትመኛት።

ዝውውሩን ትምህርት እስኪዘጋ አቆይተውታል፤ አይተው ይወስናሉ። ይዩ! ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ አስተማሪዎቹን አስተምራለሁ፤ እኔ፣ ፊደል በግድ የቆጠርኩት ሰውዬ። ሚስ ኬሊ ትንፋሹን ስትለማመድ ስቅ ይላታል፣ ሶሊ ትስቅባታለች። የእንግሊዝኛውንም ፊደል ሶሊ ከእኔ በፊት ጨርሳው ኖሯል። ማንም አልጠየቃትም እንጂ።

የሺዬ፣ ዕዳ አለብኝ፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ያን ባዶ ፎርም በራሴ እጅ እሞላዋለሁ፣ ትዕግሥት ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰው። እስክሪብቶ ስለነጠቅኳትም ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ለሚስ ኬሊም፣ በር ላይ ሰላም ስትለኝ ፊቴን ያዞርኩባቸው ጠዋቶች አሉብኝ። ለፋሲካ ቤቱ በሰው ሲሞላ ሶሊ ሳሎን መሃል ከጎኔ ትቀመጣለች፤ የሚያፈጥ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ሸሚዝ መተኮስም እማራለሁ።

ላንቺ ደግሞ ያ የሦስት ቀን ኩርፊያሽ መልስ አለብኝ። ሶሊ «አዎ» ባለች ቁጥር አንቺን እሰማለሁና አልረሳሽም። ልክ ነበርኩ ወይ ብለሽ አሁን ብትጠይቂኝ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርግልሻለሁ።