አስካሪውን የሸፈነው ሻሽ

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የቡታጅራ ክረምት ከእኛ ሰፈር ክረምት ይሻላል ይላሉ። ለጉልበትሽ ከተሻለው ደግ፤ ካልተሻለው ግን እዚያ የሚያስቀምጥሽ ምክንያት አንድ ቀነሰ ማለት ነው። አክስቴ ሀፊዛ ደህና ናት? ባለፈው የላከችልንን በርበሬ ወንድሜ ኡበይድ እንቁላል ላይ ነስንሶ ሲያለቅስ ዋለ፤ ወንድ ነኝ ባይ ስለሆነ ግን ጣፈጠኝ እንጂ አቃጠለኝ አይልም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቢም ደህና ነው። ስለ እሱ ወደ ታች የምነግርሽ አለኝና፣ ደብዳቤ ከመጨረሻው ጀምረሽ የማንበብ አመልሽን ለዛሬ ተይልኝ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይ። ሰኞ ዕለት ደውዬ ያንን ፊልም እኮ ብዬ ስጀምር ወጡ ሊያርብኝ ነው ብለሽ ስልኩን ለሀፊዛ አቀበልሻት፤ እሷም የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቀኝ ካርዴ አለቀ። ወረቀት ከያዝሽ ግን ለማንም ማቀበል የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ሀናን መጥታ ተነሺ ልብስሽን ልበሺ አለችኝ። ጓደኛዬን ታውቂያታለሽ፣ አስባ አትጠራም፣ ጎትታ ነው የምትወስደው። መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ወጣቶች በየእሁዱ የቆዩ የአገራችንን ፊልሞች እያሳዩ ተመልካቹን ያወያያሉ። የዚያን ቀን ተረኛው «አምስተኛው ክረምት» ነው ስትለኝ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ እንደከተትኩ ቆምኩ። እኔ እኮ አይቼው አላውቅም። የወጣ ሰሞን አዳማ ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ ፊልሙ ከሲኒማ ወርዷል፣ አንቺም ሀፊዛን ልጠይቅ ብለሽ ሄደሻል። ያ ጥየቃ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ።

በቤታችን የዚያ ፊልም ስም እንደ ጂን ስም ነው፣ አይጠራም። እኔም የማውቀው ሌላው ሰው የሚያውቀውን፣ በቴሌግራም የዞረውን ፎቶ ብቻ ነበር። ጭቃ ላይ የተንበረከከች ሴት፣ ራሷ ላይ ምንም የለም። ከሥሩ የጻፉትን አልደግመውም። አባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ፍሬን ሸራ የሚገዛ መስሎ፣ ጀማለዲን ይቺ የአንተ ቤት ሰው አይደለችም ወይ ብሎ ስልኩን የዘረጋለትን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ኡበይድ እንደነገረኝ አባቢ ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቀሽም፤ አንቺም እንዲህ ሆኜ ነው ብለሽ አላስረዳሽውም። ሁለት ኩሩ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር እንዲህ ነው፣ የሚታመሙት ልጆቹ ናቸው።

እየፈራሁ ሄድኩ። ዶፍ ዝናብ ነበር፤ በዚያ ዝናብ አሥር ሰው ቢመጣ ብዬ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እማ፣ ያኔ ጀግናው በቅጡ አይተኩስም፣ ጠላቱም ሰው ይመስላል ብለው በሳምንቱ ያወረዱት ፊልም እኮ ነው። እኛ ከፊት ሁለት ወንበር አግኝተን ተቀመጥን።

ፊልሙ የጣሊያን ዘመን ነው። ጣሊያን ኢምፓየር ልሁን ብሎ፣ ቀድሞ ከያዛቸው አገሮች ያመጣቸው ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ እኛ ጋራ ላይ ከእኛ ሰው ጋር ይገዳደላሉ። ጣሊያኑ ራሱ ከኋላ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ካርታ ያያል። ከራጉኤል በታች ያለውን ባሕር ዛፍ፣ የፈረንሳይ ሰፈርን ዳገት፣ ጉም ሲወርድበት ሳይ ሰፈሬ እንዲህ ያምራል እንዴ አልኩ። ታንኩ ብቅ ሲል ግን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቆርቆሮ የለበሰ ላንድሮቨር መሆኑ ለማንም አልጠፋውም፤ አንዱ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ሾፌር ወራጅ አለ ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን በአንቺም እንዲህ ቢስቁ ምን ልሆን ነው እላለሁ።

ከዚያ አንቺ መጣሽ።

በፊልሙ አንድ ልጅሽን ትናንት የገደሉብሽ እነዚያው አስካሪዎች ናቸው። አንቺ አስከሬኑን ፍለጋ ዳገቱን ስትወርጂ አንድ የሞተ አስካሪ መንገድ ላይ ታገኛለሽ። ጨቅላ ነው፣ ጢም እንኳ የለውም፤ ጣቱ ላይ ሙስበሃ፣ የዚክር መቁጠሪያው፣ ተጠምጥሟል። ቆምሽ። ጎንበስ አልሽ። ይህን ጊዜ መብራት ጠፋ።

በሌላ ቀን ቢሆን ፉጨቱ አያድርስ ነው። የዚያን ቀን አንድ ሰው አላፏጨም፣ አንድ ሰው አልወጣም። ታች ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ ሲታገሉ ይሰማል። ከኋላችን አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ አሁን ልትጮህ ነው፣ ደረቷን ልትመታ ነው አለቻት። ከእሷም ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ የወንድ ድምፅ በቀስታ መለሰላት። አትጮህም አላት። መጀመሪያ የፊቱን ጭቃ ትጠርግለታለች፣ ቆይ እይ አላት።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በረመዳን ለሱሑር ስንት ዓመት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ሀናን ክንዴን ያዘችኝ፤ እሷም አውቃዋለች። ዞር አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ በስልክ የዞረው ፎቶ ላይ ጭቃ መጥረግ የለም።

መብራቱ መጣ። ጭቃውን በእጅጌሽ ጠረግሽለት። ዓይኖቹን ከደንሽለት። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም፤ እኔና ሀናን ግን የምትዪውን ዱዓ ስለምናውቅ አብረንሽ አልነው። ከዚያ እጅሽ ወደ ራስሽ ሄደ። አረንጓዴውን ሻሽ ፈትተሽ ከፊቱ እስከ ደረቱ ድረስ አለበስሽው፤ ነፋሱ እንዳይገልጠውም ዳርና ዳሩን በድንጋይ ያዝሽው። ዝናቡ ፀጉርሽ ላይ እየወረደ ልጅሽን ልትፈልጊ ሄድሽ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ወሬ።

ማንም አላጨበጨበም። ወራጅ አለ ያለው ልጅ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሰው እርስ በርሱ ላለመተያየት ስልኩን ይፈልጋል። እኔማ አፍንጫዬን በሀናን ሂጃብ ጫፍ ጠርጌ እስከ ዛሬ ትከሰኛለች።

ውይይቱ ተጀመረ። አንድ ወጣት ተኩሱ አነሰ፣ ታንኩም ያሳፍራል አለ፤ ዳይሬክተሩ ሕዝቅኤልም፣ አዎ ታንኩ ያሳፍራል፣ ግን ላንድሮቨሩ የአጎቴ ነው፣ ስድቡን ለእሱ አደርሳለሁ ብሎ አሳቀን። ከዚያ አቶ ገብረ ክርስቶስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከኮተቤ የመጡ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። አባቴ በእነዚህ ጋራዎች የተዋጋ አርበኛ ነው አሉ። ይህ ፊልም ለጠላት ያዝናል ሲሉ ሰምቼ ልሳደብ ነበር የመጣሁት አሉ። አባቴ አንድ አስካሪ ገድሎ ነበር፤ ቀርቦ ሲያየው ልጅ ነው፣ መልኩም የእኛ መልክ ነው። እስኪሞት ድረስ ያንን ልጅ ማን ቀብሮት ይሆን ይል ነበር። ዛሬ ማን እንደሸፈነው አየሁለት ብለው ተቀመጡ። ስድቡን ረሱት።

ሀናንም አላስቻላትም። ሰው ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ተገለጠው ፀጉር ሲያወራ፣ ስለ ተሸፈነው ሰው የጠየቀ አለ ወይ ብላ ሂጃቧን እያስተካከለች አዳራሹን ገሠጸችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አንቺ እዚያ ወጥ ስታማስዪ እዚህ ስንት ሰው ስለ አንቺ እንደተነሣና እንደተቀመጠ ብታዪ።

ከዚያ ሕዝቅኤል ያን ቀን እንዴት እንደነበረ ተናገረ። ለቀባሪው አረዱት እንዳትይኝ እንጂ እኔ ግማሹን አላውቅም ነበር። ለቦታው የተቀጠረችው ተዋናይ ዳገቱ ላይ እግሯ ወልቆ ቀርታ፣ አንቺ ከጎረቤት ጋር ቀረጻውን ልታዪ ወጥተሽ ስትቆሚ እንዳየሽ፣ እባክዎ ደረትዎን እየመቱ ይጩሁልኝ ብሎ እንደለመነሽ ነገረን። አንቺም እኛ ለሞተ ሰው እንደዚያ አንሆንም፣ ደግሞም ይሄ ልጅ ሙስበሃ ይዟል፣ በሰው አገር የወደቀ ነው፣ ለእሱ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ ብለሽው ገባሽ። የሞተውን አስካሪ ሆኖ የተኛው በዳዳ፣ የታች ሰፈሩ፣ ብርዱ አሸንፎት ሊያስነጥሰው ሲል ሻሹ ደረሰለት አሉ። ሕዝቅኤልም አፉን ከፍቶ ቀርቶ ይብቃ ማለት ረስቷል።

የማላውቀው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አንቺን ጠርቶ ቦታውን አሳይቶሽ ነበር አለ። ፀጉርዎ ይታያል፣ ሰው ሊያወራ ይችላል፣ ከፈለጉ እቆርጠዋለሁ አልኳቸው አለ። አንቺም ከቆረጥከው ልጁ ሳይሸፈን ይቀራል አልሽው።

እማ፣ ይህን ለምን ለአንዳችን እንኳ አልነገርሽንም? በሐሜት የሚሆነውን አውቀሽ፣ እያወቅሽ፣ ለማታውቂው የሰው አገር ልጅ ብለሽ? ሕዝቅኤል ይህን ሲናገር ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞም ጠረገ። እኔማ ኮራሁብሽ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በማንም ኮርቼ አላውቅም።

አንዷ ሴትዮዋ የት ናቸው፣ በሕይወት አሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ሕዝቅኤል ስልካቸው ጠፍቶብኛል ሊል አፉን ሲከፍት ራሴን ቆሜ አገኘሁት። እናቴ ናት አልኩ። ከሀናን በቀር የሰማ የለም። እንደገና ጮክ ብዬ፣ እናቴ ናት፣ የፈረንሳይ ሰፈር ሰው ናት፣ ቡታጅራ እህቷ ጋ ናት፣ ትመጣለች አልኩ። ትመጣለች የሚለው ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅም። አዳራሹ ተነሣ። ጭብጨባው ያኔ ነው የመጣው፣ ያጠራቀሙትን ሁሉ ነው ያወጡት። አቶ ገብረ ክርስቶስ ምርኩዛቸውን ለሰው ሰጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል በያት አሉኝ። ይኸው ብያለሁ።

ያኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። በበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ቤት ስገባ አባቢ ዜና እያየ ነው። ጃንጥላው በር ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሱቅ እሁድ እንደማይከፈት አንቺም ታውቂያለሽ። የት ዋልሽ አለኝ፣ መገናኛ አልኩት። ዝናቡ እንዴት ነበር አለኝ፣ እንዳየኸው አልኩት።  እኔም ሻይ አፍልቼ አቀረብኩለት። ሲጠጣ ቆይቶ፣ የምን ሰው እንደሆነ ሳይለይ፣ ሰው ብዙ ነበር ወይ አለኝ። ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር አልኩት። ይሙላ እንጂ አለና ዜናውን ድምፅ ጨመረበት። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ዜናው ግን ያን ያህል ዓይን የሚያቀላ አልነበረም።

በወሩ መጨረሻ እሁድ ፊልሙ ከዚያ በሚበልጥ አዳራሽ ይደገማል። ሕዝቅኤል ከፊት ወንበር ይዞልሻል፤ አቶ ገብረ ክርስቶስም የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። እኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት ትመጣለች ብያለሁና አታሳፍሪኝ። ግን ለእነሱ ብለሽ አትምጪ። ለቤትሽ ብለሽ ነይ። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ የሚኒባሱ ሾፌር በርናባስ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ለጉልበትሽ እንዲመች ጋቢናውን ይዞ እንዲጠብቅሽ ነግሬዋለሁ። ሀፊዛ አኩርፋ እንዳትቀር፣ ካስፈለገ እሷንም ይዘሻት ነይ፣ የሽንኩርቱን ዋጋ ራሷ ታያለች።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ያንን የሰው አገር ልጅ እንደሸፈንሽው አላህ ነውርሽን ሁሉ ይሸፍንልሽ፣ ለደጃችንም ያብቃሽ፣ አሚን።

ከደብዳቤው ጋር ባለው ፌስታል ውስጥ አረንጓዴ ሻሽ ታገኛለሽ። የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ተብዬ ነው።

የምትኮራብሽ ልጅሽ