የጋሼ ሚዛን ምስክር

ጥቅምት 6
የሬዲዮ ማጣሪያዎችን የምንለካበትን አናላይዘር አብርቼ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። አራት መሰኪያ፣ አራት ገመድ። በፊት በእጅ ስናስተካክለው ግማሽ ቀን ይበላ ነበር... መፍታት፣ ማሰር፣ እንደገና መፍታት፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አሁን አውቶማቲክ ማስተካከያ ሣጥን ተገዝታልናለች። አራቱንም ገመድ አስሮ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የቀረውን ራሷ ትጨርሳለች።

ጋሼ ሚዛን ግን አላመኗትም። ሳይለኩ ምንም ስለማያምኑ ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ሥራውን ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው። ከመሳቢያቸው አንዲት ያረጀች የናስ ቁራጭ አወጡ። ልኳ ለዓመታት ያልተለወጠ። "ምስክር" ይሏታል። ከማስተካከል በኋላ ሁልጊዜ እሷን ይለካሉ።
"ራሷን በራሷ ካመሰገነች ማን ይመሰክርላታል፣ ልጄ?"
የዛሬው ልክ ነበር። ሳቅሁባቸው።

ጥቅምት 9
ሣጥኗ ከእጄ ወደቀች። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጥጓ ትንሽ ተጎድቷል... በአውራ ጣቴ አሸሁት፣ የሚጠፋ ይመስል። ከአናላይዘሩ ጋር አገናኝቼ ሞከርኳት። ስክሪኑ አረንጓዴ አበራ። እሰይ።

ለማን ልናገር? ምንስ ብዬ? አረንጓዴ ነው እኮ ያለው።

ጥቅምት 10
ምስክሯ ልኳን ሳተች። ጋሼ ሦስት ጊዜ ለኩ። "ሣጥኗ ታማለች። በሷ አስተካክለን የለካናቸው ማጣሪያዎች አይላኩ" አሉ። የአምቡላንስ ሬዲዮ ማጣሪያዎች ናቸው፤ ልካቸው ከተሳሳተ ጥሪ ላይሰማ ይችላል።

አለቃችን መጣ። "ሣጥኗ አዲስ ናት፣ ሰርተፊኬት አላት። ይቺ ቁራጭ ግን አርጅታለች... እርስዎም እጅዎ ይንቀጠቀጣል።" ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጋሼ እኔን አዩኝ። ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

ጥቅምት 13
ጋሼ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይውጡ ተባለ። ማጣሪያዎቹም ሰኞ ይላካሉ። እራቴን ሳልጨርስ ገፋሁት። እናቴ "ምነው፣ ጨው በዛበት እንዴ?" አለች። አይ እማዬ...

ጥቅምት 14
ሰው ሲወጣ ቀረሁ። ጋሼ መሳቢያቸውን እያጸዱ ነበር።
"ጋሼ... ሣጥኗን የጣልኳት እኔ ነኝ።"
ቀና አላሉም። "ጥጓን አይቼዋለሁ፣ ማክሰኞ ዕለት።"
"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"
"ካንቺ ይምጣ ብዬ። አራት ቀን ጠበቅሁሽ። ሰኞ ከመላካቸው በፊት ግን እኔው አስቆማቸው ነበር።"

ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር አለ? አለቃችን ገና አልወጣም ነበር፤ በቀጥታ ቢሮው ገባሁ። "የሚንቀጠቀጠው የእሳቸው እጅ አይደለም፣ የኔ ነው፤ ሣጥኗን ጥያታለሁ" አልኩት።

ጥቅምት 20
ሣጥኗ ለጥገና ሄደች። ጡረታው ቀረ። አለቃችን ጋሼን ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃቸው። ለኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ አናላይዘሩን ብቻዬን እንዳልነካ። ይገባኛል።

ማጣሪያዎቹን በሙሉ እንደገና እየለካን ነው። ማስተካከሉም በእጅ፣ ግማሽ ቀን። ጋሼ ያስራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬም ሥራ ከመጀመራችን በፊት ምስክሯን አሰሯት።
"ስንት አለች?"
አነበብኩላቸው። ልክ ናት።
"እሺ፣ ጻፊ" አሉ።

ድሮ "ጻፊ፣ ልጄ" ነበር የሚሉኝ።