ከጡንቻው የቀደመ ልብ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔን ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ አንቺን ግን አልዋሽሽም፣ ደህና አይደለሁም። ስልክሽን የማላነሳው ድምፅሽን ከሰማሁ ስለማለቅስ ነው። ሳለቅስ እንድትሰሚኝ ደግሞ አልፈልግም።

ወደ ቤተ ሙከራው ያመጣሁሽ እኔው ነኝ። የምፈልገው እግርሽን ብቻ ነው፣ ጭንቅላትሽን ቤት ትተሽው ነይ ብዬ ቀልጄብሽ ነበር። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩሽ፤ ጭንሽ ላይ የኤሌክትሪኩን ገመድ፣ ደረትሽ ላይ የልብ ምት መቅጃውን ለጠፍኩልሽ፤ ቁልፉን ስጫን እንዳታዪኝም በመካከላችን መጋረጃ ጋረድኩ። ነገሩንም አስረድቼሻለሁ። እረፍት ላይ ያለ ልብ ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ነው። ጡንቻ ገና መኮማተር ሲጀምር፣ ከዚያው ከጡንቻው የሚነሳ ነርቭ ለአንጎል ያሳብቃል፤ አንጎልም ፍሬኑን ለቀቅ ያደርጋል፤ ልብ ወዲያው ይፈጥናል። ይህ ያለ ሰውየው ፈቃድ መሆኑን ለማየት ነው ጡንቻሽን በኤሌክትሪክ የማኮማትረው። አንቺ ምንም አታስቢም፣ ምንም አትጠብቂም። መጀመሪያ ጡንቻው፣ ከዚያ ልቡ።

ያንቺ ልብ ግን ቀደመ። ጣቴ ቁልፉን ሳይነካ ምትሽ ሽቅብ ወጣ። እኔ ጎበዟ ማሽኑን ጠረጠርኩ። ኮሪደሩ ላይ የሚያፏጭ ሰው እንደነበር እንኳ ልብ አላልኩም። ማሽን ሲበላሽ የሚጠራው ደግሞ ጥገናው ክፍል ያለው እጮኛዬ ነው። መጣ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ምንም የለውም አለኝ። እሱ በሌለበት ቀን ማሽኑ እንደ ሰው ይሠራል፤ እሱ ሲመጣ ይብስበታል። እኔም አስሬ እጠራዋለሁ። አንድ ቀን ማሽኑ አንተን ሲያይ ይሽኮረመማል ስለው ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔማ ከሁለታችሁም በላይ ሳቅሁ። በገዛ እጄ እያመላለስኩ እንዳጋጠምኳችሁ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ሌላ ወድጃለሁ ብሎ ቀለበቱን መልሶ ሲሰጠኝ ስምሽን ለመጥራት እንኳ አልደፈረም፤ ታውቂያታለሽ ነው ያለኝ። እሱስ ባዕድ ነው። አንቺ ግን በአንድ አልጋ ተኝተን ያደግን እህቴ ነሽ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከሳህኔ እየበላሽ ዓይኔን ታዪኝ ነበር። ከድተሽኛል። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ያንቺን ውጤት አይቶ ተቆጣ። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ጠጋኙ ደግሞ ደህና ነው እያለ አታሎናል፣ ይሰናበት አለ። ዝም ብል ይባረር ነበር። ዝም ልልም ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ግን ማሽኑ ደህና መሆኑን እያወቅሁ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእኔ ላይ ይሞከር ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱን ለጠፉልኝ፣ መጋረጃው ተዘጋ። ኃላፊው ቁልፉ ጋ ሆነ፤ እጮኛዬ የነበረውም ፍርዱን ሊሰማ አጠገቡ ቆመ። እኔ ምንም ላለማሰብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከመጋረጃው ወዲያ እጮኛዬ የነበረው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

ኃላፊው፣ ገና ቁልፉን ሳልጫን የእሷም ልብ ቀደመ አለና ከት ብሎ ሳቀ። አላልኳችሁም? ይሄ ማሽን ለቆሻሻ ነው፣ አንተም ዕቃህን ሰብስብ አለው።

እሱ ከወጣ በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ፣ ያንቺም የእኔም ምት ትክክል እንደሆነ ነገርኩት። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው ሲለኝ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ የእሷ ልብ የእሱን ፉጨት፣ የእኔም ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቶ ነው ብዬ መለስኩለት። ሽማግሌው ሰውዬ ውሃ ቀዳልኝ።

ሥራው ተርፎለታል። እሱ፣ ኃላፊው ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ከጠየቀሽ፣ አላውቅም በይው። ይህን ቃል ለእኔ ስትይ ጠብቂልኝ።

ለእማዬ እስክመጣ ምንም አትንገሪያት። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ክፉም አይንካሽ። ለእናንተ ለሁለታችሁ የሚሆን ምርቃት ገና ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ታላቅ እህትሽ